የከርከዴ ወረቀት

በዚያ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አዋቂው ሰባተኛውን ቤት ፈትሾ አረንጓዴ መብራቱን አበራ። አረንጓዴ ማለት ጤና ነው። ግልገሎቹ ግን ሲያስመልሱ ነበር ያደሩት።

ሄርሜላ ተንበርክካ ተመለከተቻቸው። ከአምስት ቀን በፊት የተወለዱ አሥራ አንድ ግልገሎች ከእናታቸው ርቀው ጥግ ላይ ተደራርበው ይንቀጠቀጣሉ። ወለሉ ላይ የረጋ ወተት ተዝረክርኳል፤ ከኋላቸው ቢጫ ውኃ ይወርዳል፤ ቂጣቸው ተቃጥሎ ቀልቷል። አንዱ ሞቷል። ጠራጊው ማሽን እየተንከባለለ መጣና ወለሉን ልሶ ሄደ። ወለሉ ወዲያው አብለጨለጨ፤ ሽታው ግን አልሄደም። ጎምዛዛ፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ሽታ ነው። ሄርሜላ ይህን ሽታ ከአርባ ዓመት በኋላ ድንገት ስታገኘው መጀመሪያ የተሰማት ፍርሃት አልነበረም። ለመናገር ያሳፍራል እንጂ፣ ናፍቆት ነበር።

ዘመኑ 2077 ዓ.ም. ነው። ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ ባለው ማዕከል አሥራ አንድ ቤቶች አሉ፤ በየቤቱ ስልሳ ለጋሾችና ጥቂት እናቶች ከነግልገሎቻቸው ይኖራሉ። «አሳማ» የሚለው ቃል በግቢው ውስጥ አይነገርም፤ ክልክል መሆኑ በሩ ላይ ተጽፏል። ለጋሽ ነው የሚባለው። እያንዳንዱ ለጋሽ ጆሮው ላይ የአንድ ሰው ስም አለው፤ ኩላሊት የሚጠብቅ፣ ልብ የሚጠብቅ ሰው ስም። የሃይማኖት አባቶች ለአሥራ ሁለት ዓመት ተከራክረውበት፣ መቼም አይበላ ብለው ነገሩን ትተውታል። ዛሬ አንድ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ብትገቡ፣ ከተቀመጠው ሰው ሲሶው የለጋሽ ኩላሊት ወይም የልብ በር ይዞ ነው የሚያስተዛዝነው። በነገሩ የሚስቅ ከቶ የለም።

አዋቂው የለጋሾቹን ጤና የሚከታተል ማሽን ነው፤ ትክክለኛ ስሙ ረጅም ነው፤ ሠራተኛው ግን አዋቂው ይለዋል። የድሮ አዋቂ ሳይነግሩት ሁሉን የሚያውቅ ይመስል እንደነበረው፣ ይህም ሳይነካና ሳይጠጋ ጣሪያው ላይ ሆኖ የለጋሾቹን ሁሉ ገበና ያውቃል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ አልሳተም ይባላል። ቢስት ኖሮ በምን ይታወቅ ነበር ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ሄርሜላ በደሞዝ መዝገቡ ላይ «የዳሰሳ ሠራተኛ» ናት። የሰው እጅ የማይነካቸው ግልገሎች ክብደት አይጨምሩም። በማሽን እጅ ሞክረው አልሆነም፤ ግልገሎቹ ልዩነቱን ያውቃሉ። ስለዚህ በቀን አራት ሰዓት ጀርባ ታሻሻለች፣ ሆድ ትዳብሳለች። ለሥራው ዲግሪ አይጠየቅም፤ ሲቀጥሯት የለኩት የእጇን ሙቀት ነው። የዛሬ አርባ ዓመት በእንስሳት ጤና ዲፕሎማ እንደያዘች የጠየቃት የለም፤ እሷም አልተናገረችም።

ሁለት ሰዓት ላይ ዶክተር የሺመቤት መጣች። ዕድሜዋ ሃያ ዘጠኝ ነው። የእሷ ዘመን ልጆች የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ነው የሚያወጡት፤ የሺመቤት፣ ወርቅያንጥፉ፣ ባንቻምላክ። ሄርሜላ፣ ኤልዳና፣ ሶልያና የሚሉት ስሞች ደግሞ ዛሬ ሲጠሩ ሰው የሚታየው ከዘራና ነጠላ ነው። ጊዜ ሲቀልድ እንዲህ ነው የሚቀልደው።

«እትዬ ሄርሜላ፣ አዋቂው ወተት በዝቶባቸው ነው ይላል» አለች ዶክተሯ፣ ከበሩ ሳታልፍ። «የእናቲቱን መኖ ቀንሶላታል። ነገ ይሻላቸዋል።»

«ሽታውን አልሰማሽውም?»

«ሽታ እኮ አይመዘገብም።»

«አውቃለሁ። ሰማሽው ወይ ነው የምልሽ።»

ዶክተሯ ጭንብሏን ትንሽ ዝቅ አደረገች፤ ፊቷን አጨማደደችና መለሰችው። «ይከብዳል» አለች። «ግን አረንጓዴ ነው።» የምትሄድበት ብዙ ቤት ነበራት፤ ሄደች።

ሄርሜላ የሞተውን ግልገል በጨርቅ ጠቅልላ፣ አንድ የድሮ ሰው አስታወሰች። ጋሽ ደርበውን።

በ2037 ዓ.ም. የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሆና፣ ዲፕሎማዋን ይዛ አንድ ዓመት ሥራ ፈትታ ከተቀመጠች በኋላ ያገኘችው ሥራ የአሳማ እርባታ ነበር። ያኔ አሳማው አሳማ ይባል ነበር፤ ይጮኻል፣ ጭቃ ውስጥ ይንከባለላል፣ ለሆቴል ይሸጣል። ወሬው ሰፈር ሲደርስ ታላቅ እህቷ ኤልዳና አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። አንዲት ቀይ ጣሳ ከቤት አወጣችና ከደጁ ቧንቧ አጠገብ ባለ ሚስማር ላይ ሰቀለቻት። «ውኃ ሲጠማሽ በዚህች ጠጪ» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሄርሜላ በእህቷ ቤት ብርጭቆ ውኃ ጠጥታ አታውቅም። ምግቧም በተለየ ሳህን ነበር። እህቷ ክፉ ሆና አይደለም፤ ቤቷንና ጾሟን መጠበቋ ነበር። ይህ መሆኑን ማወቅ ግን ጣሳዋን አያቀልላትም።

የእርባታው ሠራተኞች ሁሉ የየራሳቸው ጣሳ ነበራቸው። ስለዚህ ከበሩ አጠገብ፣ በቆርቆሮ የተከለለች መታጠቢያ ሠርተው ነበር። ማታ ሲወጡ ጫማውን፣ ቱታውን፣ የራስ ሻሹን ሁሉ አውልቀው እዚያው ይተዋሉ፤ በአመድና በሳሙና እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ፤ በሌላ ልብስና በሌላ ጫማ ሹልክ ብለው ወደ ሰው መንደር ይገባሉ። ጠዋት ደግሞ የመንደሩን ልብስ አውልቀው የአሳማውን ይለብሳሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ሰው እንዳይሸታቸው፣ ታክሲ ውስጥ እንዳይሸሿቸው ነው። በዚያ አካባቢ የነበሩ ሦስት ትልልቅ እርባታዎች በበሽታ ሲያልቁ የእነሱ አልተነካም። ጋሽ ደርበው እጁን እየታጠበ ይስቅ ነበር። «አያችሁ አይደል፣ የጠበቀን ክትባት አይደለም፤ ሐፍረታችን ነው» ይል ነበር።

ጋሽ ደርበው የእርባታው የጤና ረዳት ነበር። ጥርሱ የተበላ፣ ሲናደድ የሚያፏጭ፣ ከግልገል ጋር ሲያወራ ድምፁን የሚቀንስ ሰው። ግልገል ሲያስቀምጠው ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል ብሎ ነበር የሚጀምረው። ወይ ባክቴሪያ ነው፣ ወይ የአንጀት ቫይረስ። ባክቴሪያ ከሆነ መድኃኒት አለው፤ ቫይረስ ከሆነ ግን ቤት ለቤት ይሄዳል፤ ከሳምንት በታች የሆነውን ጠራርጎ ይወስዳል፤ ማቆሚያው መለየትና ማስወገድ ብቻ ነው። ላቦራቶሪ አዲስ አበባ ነበር፤ ውጤት እስኪመጣ ግልገሉ አልቆ ቀባሪው ራሱ ይደክመዋል። የአሲድ መለኪያ ወረቀት ድሮ ነበራቸው፤ አለቀ። ጋሽ ደርበው ከርከዴ አፈላ።

«ቫይረሱ አንጀቱን ስለሚልጠው ወተቱ ሳይፈጭ ኮምጥጦ ይወርዳል» ነበር ያላት። «ከርከዴ ደግሞ ኮምጣጣ ሲያገኝ ይቀላል። የባክቴሪያው ተቅማጥ አይኮመጥጥም፤ እሱን ሲያገኝ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። በይ ወረቀት አምጪ።» ወረቀት በከርከዴ ነክረው ያደርቁታል፤ ሐምራዊ ይሆናል፤ ቆራርጠው በጋሽ ደርበው የደረት ኪስ ውስጥ ያስቀምጡታል። በዚያች ኪስ ስንት መንጋ እንደዳነ የቆጠረ የለም።

ሄርሜላ ወደ ሠራተኞች መመገቢያ ሄደች። ከሚቀዱት መጠጦች መካከል ከርከዴ አለ፤ በትናንሽ የወረቀት ከረጢት የታሸገ። አንዱን አፈላችና ውኃውን ሳይሆን ከረጢቱን ወሰደች። በግቢው ውስጥ ሌላ ወረቀት አልነበረም። ከረጢቱን ቀድዳ፣ ፍሬውን አራግፋ፣ ከግልገሎቹ ማሞቂያ መብራት ሥር አሰጣችው። እስኪደርቅ ድረስ ጎኑ ተቀምጣ የታመሙትን እያሻሸች ጠበቀች። አንደኛው ግልገል አውራ ጣቷን ጎርሶ፣ ጉልበት አጥቶ ተወው።

ስታሻሽ ዓርብን አሰበች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላሰበችውም ነበር። ደስታ ሰውን ያዘናጋል፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ዓርብ የጉብኝት ቀን ነው። ቤተሰብ ከመስታወት ወዲያ ቆሞ ለጋሹን ያያል። አንዳንዱ እጅ ይነሳል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ልጁን ይዞ መጥቶ «ሰላም በለው» ይላል። ባለፈው ዓርብ ኤልዳና ከተራራው ሥር ካለው ጠበል በቀጥታ መጣች። ዕድሜዋ ሰባ አንድ ነው። የኩላሊት እጥበት ቀበቶዋ ወገቧ ላይ እያንጎራጎረ፣ ያበጡ እግሮቿን እየጎተተች። በፊታችን ሐሙስ የሰባተኛውን ቤት አርባ አንደኛ ለጋሽ፣ የሰባት-አርባ አንድን ኩላሊት ልትቀበል ነው። ሐኪሞቹ ቀበቶው ከእንግዲህ ቢበዛ አንድ ዓመት ይይዝሻል ብለዋታል፤ አዲስ ለጋሽ እስኪደርስ ደግሞ ሁለት ዓመት ይፈጃል።

«ሄርሜላዬ» አለቻት፣ በመስታወቱ ቀዳዳ። «አንዴ በእጄ ልንካው።»

«አይቻልም እታለም።»

«የሚያኖረኝን ነገር ሳልነካው እንዴት ብዬ እቀበለዋለሁ? አንዴ ብቻ። ምርቃት ነው የምሰጠው።»

አርባ ዓመት ሙሉ ስለዚህ ሥራ አንድ ቃል ጠይቃት የማታውቅ እህት ናት። ሄርሜላ የመኖውን በር ከፈተችላት። የመግቢያ ገላ መታጠብ አርባ ደቂቃ ነው፤ ቀበቶው ደግሞ ውኃ አይነካውም። የጫማ መሸፈኛውን ሰጠቻት፤ እግሯ አብጦ አልገባም። «ተዪው፣ ቶሎ ነክቼ እወጣለሁ» አለች ኤልዳና። ገባች። ሰባት-አርባ አንድን ግንባሩን ዳበሰችው፣ ትንሽ ጠበል ረጨችበት፣ በከንፈሯ አንድ ነገር አለች። ከዚያ ዞር ብላ፣ ያ የልጅነት ፈገግታዋ ፊቷ ላይ መጥቶ፣ «ወደ ጠበሉ የሚወስደውን መንገድ ከርከሮ ሲንከባለልበት አድሮ አቡክቶታል» አለች። «ዘመዶችሽ ሰላም በይልን ብለውኛል።» ሁለቱም ሳቁ። ሄርሜላ እህቷን ከሸኘች በኋላ ከጫማዋ የረገፈውን ቀይ ጭቃ በእጇ ጠርጋ አወጣች። አጠገቡ ያለው ጋጥ የአሥራ አንዱ ግልገሎች ነበር።

ወረቀቱ ደረቀ። ሐምራዊ ሆነ፤ ልክ እንደ ድሮው።

ሄርሜላ ከአንደኛው ግልገል የወረደውን ቢጫ ውኃ፣ ጠራጊው ሳይደርስበት በማንኪያ ያዘችው። ወረቀቱን ይዛ ትንሽ ቆየች። አረንጓዴ ሁንልኝ አለችው፣ በሹክሹክታ። ነከረችው።

ቀላ። የቤት ውስጥ ብርሃን አሳስቷት እንደሆነ ብላ ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችው። በሌላ ቁራጭ ደገመችው። ከሌላ ግልገል ወስዳ ሠለሰችው። ሦስቱም ቀልተው መዳፏ ላይ ተኙ።

ያየ ሰው አልነበረም። አዋቂውም ከርከዴ አያውቅም። ወረቀቶቹን አጣጥፋ ኪሷ ብትከት ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ግልገሎቹ ወተት በዝቶባቸው ሞቱ ይባላል፣ ሐሙስ ይደርሳል፣ እህቷ ትድናለች። ብትናገር ደንቡ ግልጽ ነው፤ ቫይረስ የተገኘበት ቤት በዚያው ቀን ሙሉ በሙሉ ይወገዳል። ሰባት-አርባ አንድም አብሮ ይወገዳል። ኤልዳና ከተራው መጨረሻ ትሰለፋለች፤ ተራው ደግሞ ከቀበቶዋ ይረዝማል።

ግን የዳሰሳ ሠራተኞቹ ከሰዓት በኋላ ከሰባተኛው ወደ ስምንተኛው፣ ከስምንተኛው ወደ ዘጠነኛው ይዞራሉ። ነገ ጠዋት ቫይረሱ አሥራ አንዱም ቤቶች ውስጥ ይገባል። በአሥራ አንዱ ቤቶች ስድስት መቶ ስልሳ ጆሮዎች ላይ ስድስት መቶ ስልሳ ስሞች አሉ። ሄርሜላ ከእነዚህ ስሞች ብዙዎቹን በቃሏ ታውቃቸዋለች፤ ስታሻሽ ታነባቸዋለች።

ደግሞ ያ ዕለት ትዝ አላት። ጋሽ ደርበው የእርባታው ባለቤት በጉርሻ መልክ የሰጠው አምስት የራሱ ግልገሎች ነበሩት፤ ቤት ሊሠራባቸው አስቦ የሚሳሳላቸው። አንድ ጠዋት ወረቀቱ ቀላበት። ጋሽ ደርበው አላፏጨም። ለባለቤቱ ደውሎ «ከእኔዎቹ ነው የጀመረው፤ ከእኔዎቹ እንጀምር» አለ። ያን ዕለት በቆርቆሮዋ መታጠቢያ ውስጥ ፊቱን ሲታጠብ በጣም ቆየ። ሄርሜላ ውኃውን እያፈሰሰችለት ነበር፤ ፊቱ ላይ የሚወርደው የትኛው ውኃ እንደሆነ አልጠየቀችውም።

ሄርሜላ ተነስታ ዶክተር የሺመቤትን አስጠራቻት። በዚያው የሦስተኛውን ቤት ሠራተኛ፣ ጠዋት እናቱ ተኝታበት የሞተውን ጤነኛ ግልገል በሌላ ሠራተኛ አስይዛ እንድትልክላት ለመነቻት።

«የምነግርሽን ብቻ ስሚኝ፤ ከዚያ እንደፈለግሽ» አለቻት ዶክተሯን። ሁለቱን ግልገሎች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስተኛች። ቢላዋ ጠየቀች።

ዶክተር የሺመቤት ስድስት ዓመት የተማረች፣ በእጇ ግን አንድም ሆድ ከፍታ የማታውቅ ሐኪም ናት፤ የእሷ ዘመን ትምህርት እንዲያ ነው። ቢላዋውን አቀበለችና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሄርሜላ እጇ ይርሳ አይርሳ ሳታውቅ ጀመረች፤ እጇ አልረሳም።

«ይህ ጤነኛው ነው። አንጀቱን አቅፎ የያዘውን ስስ ሽፋን ተመልከቺ። ነጫጭ ክሮቹ ታዩሽ? ከወተቱ የወጣው ቅባት ነው፣ ወደ ደም እየሄደ። አሁን የታመመውን እዪ።»

ዶክተሯ ተጠጋች። «ክር የለውም።»

«ሆዱ ወተት ሞልቶ ክር የለውም። ወተቱ ገባ እንጂ አላለፈም ማለት ነው። አንጀቱንም ንኪው፤ እንደ ላስቲክ ሳስቷል፣ ያሳያል።» ከሁለቱም ቀጭን አንጀት ትንሽ ትንሽ ቆርጣ ከፍታ፣ በሁለት ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ለቀቀቻቸው። «አሁን በብርሃን አሳልፈሽ እዪው።»

በአንደኛው ብርጭቆ ውስጥ የአንጀቱ ገጽ እንደ ጥሩ ፎጣ ጸጉር አውጥቶ ተነሳ፤ ውኃው ሲንቀሳቀስ አብሮ ይወዛወዛል። በሁለተኛው ብርጭቆ ምንም አልተነሳም። ልሙጥ ነበር።

ዶክተር የሺመቤት ሁለቱን ብርጭቆዎች እየለዋወጠች ለረጅም ጊዜ አየች። ጭንብሏን አውልቃ ነበር፤ ያወለቀችበትን ራሷም አላስተዋለችም። «እንዴት ሆኖ ነው አረንጓዴ የሚለው?» አለች በመጨረሻ።

«እሱ የሚያውቀው የተነገረውን ነው። ይህ የጫካ ነው፤ ከከርከሮ የመጣ።»

«ከርከሮ እዚህ በየት በኩል ይገባል?»

ከዚህ በኋላ ያለው ቃል ነበር የሚከብደው። ሄርሜላ እጇን በጨርቅ ጠረገች።

«በመኖው በር፤ በእህቴ ጫማ። ዓርብ ዕለት ሳላስታጥብ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ሰባት-አርባ አንድ የእሷ ነው፤ ሐሙስ ነበር ተራዋ።»

ዶክተሯ ብርጭቆዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጆሮ ላይ ያሉትን ስሞች ከሥራ ሰዓት ውጭ የምታስብ ሰው መሆኗን ሄርሜላ ያን ጊዜ ነው ያወቀችው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እትዬ ሄርሜላ፣ ይህን ባይነግሩኝ እኮ አላውቅም ነበር» አለች። «ሪፖርቱ ላይ በሩን መጻፍ አለብኝ። ከሥራ ያስወጣዎታል።»

«ጻፊው፣ ልጄ። ከነአባቴ ስም ጻፊው።»

አዋቂው አረንጓዴ እያለ ቤት የሚዘጋበት አንድ መንገድ ብቻ ነበር። «በሰው ምስክርነት የሚደረግ እገዳ» ይባላል። ለመጨረሻ ጊዜ የተሞላው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ቅጹ የምስክሩን መነሻ ይጠይቃል፤ ማየት፣ ማሽተት፣ መንካት፣ ሌላ። ዶክተሯ ሁሉንም መረጠች፤ «ሌላ» በሚለው ላይ ከርከዴ ብላ ጻፈች። ቅጹ ቃሉን አላወቅሁትም፣ አስተካክይ አላት። ደግማ ጻፈችው። ሦስተኛው ላይ ተቀበላት፤ የሰባተኛው ቤት በሮች ሁሉ ባንድ ጊዜ ጠቅ ብለው ተቆለፉ።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ቤቱን የሚያስተኛው አየር ተለቀቀ። ከዚያ በፊት ሄርሜላ የቀራትን ሰዓት እንድትሠራ ለመነች፤ ተፈቀደላት። ጋጥ ለጋጥ እየዞረች እንደ ሁልጊዜው አሻሸቻቸው፣ ስማቸውን አነበበችላቸው። ሰባት-አርባ አንድ ጋ ስትደርስ ራሱን ጭኗ ላይ ጣለ፤ ሁልጊዜም እንዲያ ያደርግ ነበር። ጆሮው ላይ «ኤልዳና» የሚለውን ስም በአውራ ጣቷ ደባበሰችው። «ጥፋቱ የአንተ አይደለም» አለችው። ሰው ለአሳማ እንዲህ ሲል ድሮ ያስቃት ነበር።

ወደ ማታ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ዶክተር የሺመቤት እስከ ግቢው በር ሸኘቻት። ሲለያዩ እጇን አልለቀቀቻትም። «ከርከዴው ምን ያህል ይፈላል?» አለቻት።

«ቀለሙ እስኪጠቁር። ስኳር እንዳታደርጊበት» አለች ሄርሜላ። ሁለቱም ትንሽ ሳቁ፤ ከዚያ ተለያዩ። ከኋላቸው አዋቂው ባዶውን ሰባተኛ ቤት ፈትሾ አረንጓዴ አበራ።

የእህትማማቾቹ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ ደጃቸው አንድ፣ ቧንቧቸውም አንድ ነው። ሄርሜላ ከአጥሩ ሳትገባ ጫማዋን አወለቀች። ለምን እንዳደረገችው ሳታስብ የሥራ ካፖርቷን ከአጥሩ ላይ ሰቀለች፣ ባዶ እግሯን ወደ ቧንቧው ሄደች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች። አመድ አልነበረም፤ ሳሙና ነበር። እስከ ክርኗ መታጠብ ጀመረች። ኤልዳና በሩ ላይ ተቀምጣ ለሐሙስ የምትይዘውን ቦርሳ ታዘጋጅ ነበር፤ የሌሊት ልብስ፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ አዲስ ካልሲ። እህቷ ስትታጠብ አየቻትና እጇ ቦርሳው ላይ ቆመ። ይህን አስተጣጠብ ታውቀዋለች፤ የዛሬ አርባ ዓመት ሄርሜላ ቤት ስትገባም እንዲህ ትታጠብ ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ቤቱ ታመመ፣ እታለም። የአንጀት ቫይረስ ነው። ሙሉ ቤቱ ተወገደ።»

 የኤልዳና ቀበቶ ወገቧ ላይ ያንጎራጉራል። «ሐሙስ ቀረ ማለት ነው» አለች።

«ቀረ።»

«ማሽኑ ነው ያገኘው?»

«አይደለም። እኔ ነኝ ያገኘሁት።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ማንም አላየውም ነበር እታለም። ዝም ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልቻልኩም። የሌሎቹም አሉ። አልቻልኩም።» ለቅሶዋን መቆጣጠር አቃታት፤ በሳሙና እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ኤልዳና ቀስ ብላ ካልሲዎቹን ከቦርሳው አወጣችና ጭኗ ላይ አጣጠፈቻቸው። «በምን ገባ?» አለች።

«በመኖው በር።»

ከበሩ ጎን የኤልዳና ጫማ ተቀምጧል። ጠርዙ ላይ የዓርቡ ቀይ ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ኤልዳና ጫማውን አየች፤ ከዚያ እህቷን አየች፤ ተመልሳ ጫማውን አየች። ሄርሜላ ፊቷን አዞረች፤ እህቷ ግን ገብቷታል።

«ያስገባሁሽ እኔ ነኝ» አለች ሄርሜላ፣ ቀድማ።

«የገባሁት እኔ ነኝ» አለች ኤልዳና።

 ጎረቤት አንድ ሰው ሰላም ብሎ አለፈ፤ ሁለቱም መለሱለት። ኤልዳና የበሩን መቃን ይዛ ተነሳች፣ ያበጡ እግሮቿን እየጎተተች ወደ ቧንቧው መጣች፣ ማንቆርቆሪያውን ሞላችና የእህቷን እጅ ማስታጠብ ጀመረች። ሳሙናው ከክርኗ፣ ከጣቶቿ መካከል እስኪጠፋ ድረስ አፈሰሰችላት። የማንቆርቆሪያው ውኃ አልቆ እንኳ እጇን ይዛ ቆየች፤ ሞቅ ያለ እጅ ነው፤ ሄርሜላ የተቀጠረችው ለዚህ እጅ ነበር።

ኤልዳና በቀን ሦስት ኩባያ ውኃ ነው የሚፈቀድላት፤ ከዚያ ካለፈ ቀበቶው ይጮኻል። ጠዋት አንዱን፣ ቀትር ላይ አንዱን ጠጥታለች። ቀና ብላ ከሚስማሩ ላይ ያለችውን ቀይ ጣሳ አወረደቻት። ሚስማሩ ዝጎ ግድግዳው ላይ ቡናማ መስመር ሠርቷል። ጣሳዋን አጠበች፣ ከቧንቧው ሞላቻት።

«የዛሬው የቀረኝ ይሄ ነው» አለች፤ በሄርሜላም ጣሳ ጠጣችው።